ወፍራሙ ክር ወደ ታች

እናቴ ከእኛ ጋር ልትኖር መሆኑን ስነግረው ባሌ ስለ እናቴ አልጠየቀኝም። ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ዞር ብሎ አየና «እነሱስ የት ይገባሉ?» አለ።

እነሱ የሚላቸው ጊታሮቹን ነው።

ኮሪደራችን ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። ለእንግዳ ተብላ የታሰበች ናት፤ እንግዳ ግን አድሮባት አያውቅም፣ ጊታር ነው የሚያድርባት። ስምንት ናቸው። ግድግዳ ላይ የተሰቀሉ አሉ፣ ወንበር ይዘው የተቀመጡ አሉ፣ አንዷ እንዲያውም አልጋው ላይ ተንጋላ ደህናውን ብርድ ልብስ ለብሳለች። እኔ ያንን ብርድ ልብስ ከገዛሁት ጀምሮ ለብሼው አላውቅም። ስም አውጥቼላቸዋለሁ። አንገቷ ተሰብሮ በማጣበቂያ የተያያዘችው ሰባራዋ ናት። አንድ ሆቴል ሲዘጋ የመጣችው፣ ጥቁሯና የምታብረቀርቀው፣ ወይዘሮዋ ናት። ከሁሉም የማትዋጥልኝ አረንጓዴዋ ነች። የቀድሞ ባለቤቷ ምን እንደነካው እንጃ፣ የበር ቀለም ቀብቷታል፤ ቀለሙም በየቦታው ተላልጦ እከክ የያዛት ትመስላለች።

ባሌ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሥራው ከሕንፃ ሕንፃ ያዞረዋል፤ በዞረበት ሁሉ ደግሞ ዓይኑ አያርፍም። በተከፈተ በር ውስጥ የተሰቀለ ጊታር ካየ ካቻቢቴውን ኪሱ ከትቶ «ይሄ ይሸጣል እንዴ?» ይላል። አረንጓዴዋን የሸጠለት ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሮ ላብ በላብ ሆኖ ያወጣው ሰውዬ ነው። ለምስጋና ይሁን ከጊታሯ ለመገላገል አላውቅም፣ ብቻ ሰውዬው ራሱ ተሸክሞ እስከ ታች አወረደለት፤ ያውም በደረጃ፤ ሊፍቱ ጋ ድርሽ አልልም ብሎ።

«ታዲያ ጎበዝ ተጫዋች ነው በይኛ» ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ። ምን ብዬ ልመልስ? ይሞክራል። ከሥራ መጥቶ እጁን በሳሙና ፈትጎ ይታጠብና ወደዚያች ክፍል ይገባል። ከዚያ በበሩ ሥር የሚወጣው ድምፅ አንዳንዴ ጊታር ነው፣ አንዳንዴ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ዝዝ ይላል። ዝዝ ሲል ባሌ ጥፋቱን ከራሱ ፈልጎ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሊፍት የጠገነ ሰው ነው፤ የሚንጫጫ ነገር ካለ የታመመው ማሽኑ ነው ብሎ ያምናል። ወረቀት አጥፎ ከክሩ ሥር ይሸጉጣል፣ መቃኛውን ያጠብቃል፣ መልሶ ያላላል። በመጨረሻ «ይቺ አትረባም» ይልና ሌላ ፍለጋ ይወጣል። ቤታችን በጊታር የተሞላው እንዲህ ነው። ሰው ሰብሳቢ ይለዋል። እኔ ግን አውቃለሁ፣ አንዷ ብትሆንለት ኖሮ ሁለተኛዋን ባልገዛ ነበር።

እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ብቻዋን መኖር አልቻለችም። ክፍሏ የግድ መለቀቅ ነበረባት። በመኝታ ቤታችን ቁም ሳጥንና በግድግዳው መሃል አንድ ክፍተት አለ፤ አንድ ጊታር ቆሞ ይገባበታል። ለክቼዋለሁ። መለካት ሥራዬ ነው፣ መጋረጃ ነው የምሰፋው።

«አንዷን ምረጥ» አልኩት።

ይጨቃጨቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ያለ ንዝንዝ «እሺ» አለ፤ ያ እሺ ነው ያስደነገጠኝ። ሻዩን ጠጥቶ ሲጨርስ ብርጭቆውን እያዞረ እንዲህ አለ።

«ያቺን ዜማ የሰጠችኝ ትቀራለች። አንዷም ካልሰጠችኝ አንዷም አትቀርም። እኔም በቃኝ።»

ያቺ ዜማ የወንድሙ ናት። ዋርሳዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አናጺ ነበር፤ ግራኝ አናጺ። መዶሻውንም፣ ማንኪያውንም፣ ጊታሩንም በግራ ነበር የሚይዘው። ሥራ ሲፈታ ደጃፉ ላይ ወንበር አውጥቶ፣ ከጫማው ላይ የእንጨት ብናኝ ሳያራግፍ፣ አንድ ዜማ ይጫወት ነበር። ስም የላትም። ራሱ ያወጣት ይሁን ከሰው የሰማት አላውቅም። አውራ ጣቱ ላይ ላዩን ዱም ዱም ያደርጋል፣ ሌሎቹ ጣቶች ከሥር ዜማዋን ይለቅማሉ። ባሌ አጠገቡ ደረጃው ላይ ይቀመጥና ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ እንኳ፣ ነገር የማይገባኝ ሰው፣ ያቺን ዜማ ስሰማ የድካሜ ግማሽ ይለቀኝ ነበር።

ባሌ ታናሹ ነውና «ጋሼ» ነበር የሚለው። ሲነጋገሩ ከሦስት ቃል አንዱ ጋሼ ነው፤ ጋሼ ሰማህ፣ ተው እንጂ ጋሼ፣ ጋሼ ቀስ በል። ከዚያ ዋርሳዬ ታመመ፣ ብዙም ሳይቆይ ሄደ። ከቀብሩ ወዲህ ያ ቃል ከባሌ አፍ ወጥቶ አልሰማሁም። ጊታሩን ሲያነሳ እንኳ «ባለቤቱ» ነው የሚለው። «ባለቤቱ እንዲህ አላልቶ አይተወውም ነበር» ይላል፣ ስለማያውቀው ሰው እንደሚያወራ። በለቅሶው ጊዜ ሌሎች ሲያለቅሱ እሱ የድንኳኑን መብራት ነበር የሚጠግነው።

ጊታሩን የሰጠችው የዋርሳዬ ሚስት ናት። «ባየሁት ቁጥር አንጀቴ ይቃጠላል፤ ውሰድልኝ» አለችው። ወሰደ። እሱ ቀኝ ነው፤ ስለዚህ አዞረና በቀኙ ያዘው። ሲያዞረው ወንድሙ እጅ ላይ ወደ ላይ የነበረው ወፍራሙ ክር ወደ ታች ወረደ፣ ታች የነበረው ቀጭኑ ወደ ላይ ወጣ። ባሌ ይሄን አየና የጊታር ወጉ ይሄ ነው ብሎ ተቀበለ። የወንድሙ ጊታር ነው፣ እንዴት ይሳሳታል?

ከዚያ በኋላ የገዛውን ጊታር ሁሉ ቤት ሲያመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ክሮቹን ፈትቶ ማገላበጥ ሆነ። ወፍራሙ ወደ ታች፣ ቀጭኑ ወደ ላይ፣ ልክ እንደ ወንድሙ። «ሻጭ ምን ያውቃል፤ ለዓይን እንዲያምር ብቻ ይወጥሩታል» ይላል። እኔም አዲስ ጨርቅ ሳልቆርጠው በፊት ውሃ ነክሬ አሰጣለሁ፣ እንዳይሰበሰብብኝ፤ የሱንም እንደዚያ ያለ የሙያ ነገር አድርጌ ነበር የማየው። አንዴ በስልኩ አንድ ተጫዋች ሲያይ ከኋላው ቆሜ «የዚህ ሰውዬ ወፍራሙ ክር ላይ ነው እኮ» ብየው ነበር። «ስልክ ይገለብጣል» አለኝ። «ራስሽን ስታነሺ ጀርባሽ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ አታይም?» እውነቱን ነው፣ አይቻለሁ።

እንግዲህ ምርጫው ተጀመረ። በየቀኑ አንዷን ይዞ ይወጣል። ሳሎን ይቀመጣል፣ ይቃኛል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ ይጀምራል። ወይዘሮዋ ዝዝ አለች። ሰባራዋ ከመሃል ላይ ቅኝቷን ጣለች። የአንዷ ላይኛው ክር እየተንሸራተተ ከቦታው እየወጣ አስቸገረ፤ ወፍራም ክር እንዲያልፍበት በተቦረቦረ ቦይ ውስጥ ቀጭን ክር ገብቶ እንዴት ይርጋ? ይሄን አሁን ነው የማውቀው። ያኔ ያየሁት የባሌን ጣቶች ብቻ ነው። ጫፋቸው ጠንክሮ እንደ ምስማር ራስ ሆኗል፤ የቀለበት ጣቱ ደግሞ ከተጣመመበት ሲመለስ ፊቱን ያኮማትራል።

በመጨረሻ የወንድሙን ጊታር አወጣ። እሷ ዝዝ አትልም። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ዜማዋ ግን አልወጣችም። ዱም ዱም ማለት የነበረበት አውራ ጣቱ ቀጫጭኖቹ ላይ ያርፍና ይንጫጫል፤ ዜማዋን ሊለቅሙ የሚገባቸው ጣቶች ከታች ወፍራሞቹ ላይ ወድቀው ይንደፋደፋሉ። ዕቃዋ ሁሉ አለ፣ ቤቷ ግን ተገልብጧል። ሲደክመው ጊታሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተና ዚፑን እስከ መጨረሻው ዘጋው።

«ለሴት ልጁ እመልሳለሁ» አለ። «የአባቷ ነው፣ ለሷ ይገባል። ሌሎቹን ደግሞ ለፈለገ እሰጣለሁ።»

«አንድ ታስቀራለህ እኮ ነው ያልነው።»

«ለምን? ቁም ሳጥኑ ስር ቆማ እንድታየኝ?»

እውነቱን ልናገር፤ ጊታሮቹ ቢሄዱ ደስ ይለኝ ነበር። ብርድ ልብሴን አገኝ ነበር። የፈራሁት ሌላ ነው። ይሄ ሰው ወንድሙን ያላለቀሰው እጁ ላይ ይቺ ሥራ ስላለችው ነው፤ አንድ ቀን ያቺን ዜማ አወጣታለሁ እያለ ነው የቆመው። እሷን ከጣለ ምን ይዞ ይቀራል? ከሥራ መጥቶ፣ እጁን ፈትጎ ታጥቦ፣ የት ይገባል?

በማግስቱ መጋረጃ ቤታችን ጉድ ፈላ። ለአንድ ትልቅ ሆቴል የሚሄድ ሥራ ነበረብን፤ አሠሪያችን ራሳቸው ጃኬታቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ነበር። ቸኩለው እጃቸው ያገኘውን መቀስ አነሱ። ቀይ ጥብጣብ የታሰረበት ነው፤ የግራኟ ባልደረባችን መቀስ፣ እኛ የማንነካው። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ጨርቁ አይቆረጥም። በምላጮቹ መሃል እጥፍ ብሎ ይገባል እንጂ። መቀሱ ያን ውድ ጨርቅ አኘከባቸው።

«ይሄ መቀስ ደንዟል!» ብለው ወረወሩት። «ነገ ዛሬ ሳይባል ይሳል!»

ግራኟ ከምሳ ስትመለስ ነገሩን ሰማች። መቀሷን ከመሬት አነሳች፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ በግራ እጇ ያዘችና የጨርቁን ጫፍ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ሸርተት አደረገችው። ውሃ የቆረጠች ነው የሚመስለው።

«መቀሱ ምን በደለ?» አለች። «ለግራ እጅ የተሠራ ነው። በቀኝዎ ይዘውት ደነዘ ይላሉ?»

«ታዲያ ለምን ምልክት አይደረግበትም?»

«ጥብጣቡን ያሰርኩት ለጌጥ መሰለዎት እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ፤ አሠሪያችንም ሳቁ። እኔ ግን ክው ብዬ ቀረሁ። ዓይኔ ላይ የመጣው ዋርሳዬ ነው፤ ደጃፉ ላይ፣ ጊታሩን በግራው ይዞ፣ አውራ ጣቱ ላይ ላዩን ወፍራሞቹን ዱም ዱም ሲያደርግ። ላይ ላዩን! ከዚያ የባሌ አውራ ጣት መጣብኝ፣ ላይ ላዩን ቀጫጭኖቹን ሲያንጫጫ። እስከ መውጫ ሰዓት አንድ መጋረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ኪስ ሰፍቼ ሁለት ጊዜ ፈታሁ።

መንገዴን ሁሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ሄድኩ። ብነግረው ስንት ዓመት የደከመበትን በአንድ ቃል ገደል መክተቴ ነው። ባልነግረው ደግሞ የእኔ እጅ አይረባም ብሎ ሊተው ነው። ቤት ስደርስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኩት።

አዳመጠኝ። ከዚያ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ።

«ጊታር መቀስ ነው እንዴ?»

«እሱ ግራኝ ነበር።»

«ነበር። እኔ ቀኝ ነኝ። ስለዚህ አዞርኩት። ምን ቀረ?»

«ክሮቹ ቀሩ። አንተ ጊታሩን አዞርክ፣ ክሮቹን አላዞርክም። ሌሎቹን ጊታሮች ደግሞ ደህና የነበሩትን ይዘህ ገለበጥካቸው።»

ግንባሩ ላይ ያለው የደም ሥር ተገተረ።

«የሱ ጊታር ልክ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሁሉም ዝዝ ሲሉ እሷ ብቻ ናት ዝዝ የማትለው። የተሳሳተ ነገር እንዴት ከሁሉ ይሻላል?»

ተነስቶ ወጥ ቤት ገባና ያልተበላሸ ቧንቧ ሲጠግን አመሸ። በነጋታው ለወንድሙ ልጅ ደወለላት። እሁድ መጥተሽ የአባትሽን ጊታር ውሰጂ አላት።

የዋርሳዬ ልጅ ነርስነት ትማራለች። ቀጭን ናት፤ እግሯ አያርፍም፣ ስትቀመጥ ጉልበቷን ታንቀጠቅጣለች፣ ልክ እንደ አባቷ። ከሐዘኑ በኋላ ወደኛ ቤት ብቅ የምትለው አልፎ አልፎ ነበር። እሁድ ከሰዓት መጣች፤ ለኔ ብርቱካን ይዛ። ባሌ ወደ ትንሿ ክፍል አስገባት። እኔም ብርቱካን ልልጥ ነው በሚል ሰበብ ሳህን ይዤ ተከተልኳቸው።

«አይ አጎቴ፣ ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?» አለች ጊታሮቹን እያየች።

«ልዘጋ ነው» አላት። ቦርሳውን አንስቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። «ሙሉ ነው። ክሩ አዲስ ነው።»

ዚፑን ከፈተች። ጊታሯን ስታያት ከንፈሯን ነከሰች፤ እኔም ብርቱካኑን መላጥ አቆምኩ። ለካ እናቷ ስትሰጥ ይቺ ልጅ አልተጠየቀችም። ለካ ስንት ጊዜ ቤታችን መጥታ፣ የዚህን ክፍል በር አይታ፣ ሳትናገር ተመልሳለች። ጊታሯን አወጣች፤ አንገቷን በቀኝ እጇ ያዘች፣ ግራ ክንዷን ሆዷ ላይ ጣል አደረገች። ማንም አላሳያትም፣ ማንም አልነገራትም። እሷም ግራኝ ናት፤ እናውቅ ነበር፣ ግን ልብ ያለ አልነበረም።

አውራ ጣቷ ላይ ላዩን ዱም አለ።

ዱም፣ ዱም። ከሥር ሌሎቹ ጣቶች ዜማዋን መልቀም ጀመሩ። ቀስ ብላ ነው፣ እየተደናቀፈች ነው፤ ግን ራሷ ናት፣ ያቺ ዜማ። ሳህኑን አልጋው ላይ አስቀመጥኩት። ባሌን ቀና ብዬ ለማየት አልደፈርኩም። ዓይኑን እንደጨፈነ ሳላይ አውቄያለሁ።

መሃል ላይ ስትደርስ አቆመች።

«ከዚህ በኋላ ያለውን አላስተማረኝም» አለች። «ነገ አሳይሻለሁ ብሎኝ ነበር።»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ እንዳቀረቀረ፣ በአፍንጫው፣ ከቆመችበት ጀምሮ ያለውን አንጎራጎረላት። አንድም ቦታ አልሳተም። ስንት ዓመት በጣቱ ያላገኛት ዜማ ለካ ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ሳይጎድልባት ተቀምጣለች። ልጅቷ አንገቷን አዘነበለች፤ በጣቷ ፈለገች፣ ሳተች፣ እሱ ደገመላት፣ አገኘች። እንዲህ እንዲህ እያሉ እስከ መጨረሻዋ ወሰዷት።

ሲጨርሱ ባሌ ጎንበስ ብሎ እጇን አየ። ሊፍት ውስጥ ብልሽት ሲፈልግ የሚያየው ዓይነት ነው።

«ወፍራሙ ክር የት ነው ያለው?» አላት።

«ላይ ነው አጎቴ፣ ወደ አገጬ። ወደ መሬት ያለው ቀጭኑ ነው። ለምን?»

ባሌ እጁ አጠገብ ያገኛትን ጊታር አነሳ፤ ያ ሁሉ እያለ አረንጓዴዋ ሆነች። ክሮቿን አንድ በአንድ ፈታ። ከሥር ሸጉጦባት የነበረውን ወረቀት አውጥቶ ኪሱ ከተተ። ክሮቿን መልሶ ወጠረ፣ ስትመጣ እንደነበረችው፣ ወፍራሙ ወደ ላይ። ቃኛት። አውራ ጣቱን ከላይ እስከ ታች አንዴ ሸርተት አደረገባት።

ዝዝ የሚባል ነገር የለም። ያቺ እከካም ጊታር እንደ ደወል ጠራች።

ሰባራዋን አነሳ። ወይዘሮዋን አነሳ። እስኪመሽ ድረስ ሰባቱንም ፈትቶ ሰባቱንም ወጠረ፤ ሰባቱም ንጹሐን ነበሩ። መጨረሻ ላይ ወለሉ ላይ በክር ቁርጥራጭ መሃል ተቀምጦ መሳቅ ጀመረ። የሚያሳቅ ነገር ነው፣ እኛም ሳቅን። ሳቁ ግን አልቆም አለው፣ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ሳቅ አለመሆኑን ያወቅሁት ፊቱን በክንዱ ሲሸፍን ነው። ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ። ተይው አልኳት በዓይኔ። ያ ለቅሶ ብዙ ቀን የቆየ ነው፤ ድንኳኑ ሥር መብራት ሲጠግን የቀረ።

«ፊት ለፊቴ ቁጭ በልና ላሳይህ ይለኝ ነበር» አለ ፊቱን እያበሰ። «በግራ የሚጫወት ሰው ምኑን ያሳየኛል፣ ደግሞ ምን ያስቸኩላል፣ ነገ እለው ነበር። ሁልጊዜ ነገ እለው ነበር።»

ልጅቷ ብርቱካን ፈልቅቃ አቀበለችው፤ በላ።

እናቴ ክፍሏን ያዘች። ጊታሮቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ወይዘሮዋን የሥራ ጓደኛው ለልጁ ወሰዳት፣ ሰባራዋ ሰፈራችን ያለ ትምህርት ቤት ገባች። ሁሉንም አጽድቶ፣ ቃኝቶ፣ ክራቸውን ደጋግሞ አይቶ ነው የሸኛቸው፤ ያለ ጥፋቱ የቀጣውን ልጅ የሚክስ አባት ነበር የሚመስለው። ቁም ሳጥኑ አጠገብ የቀረችው ማን እንደሆነች መገመት አያቅታችሁም። «ስንት የሚያምር እያለ!» ብየው «መጀመሪያ የታረቀችኝ እሷ ናት» አለኝ። አሁን ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማየው ያንን የበር ቀለም ነው።

ባሌ ሀ ብሎ ጀመረ። የለመደው ሁሉ ጠላት ሆኖበታል፤ ጣቶቹ በድሮው ልማድ ወደ ታች ይሮጣሉ፣ ጎትቶ ይመልሳቸዋል። እንደ አራስ ልጅ ጣት ናቸው፣ የሚይዙትን አያውቁም። እናቴ ግን ከክፍሏ ሆና «አሁን ደህና ነው» ትለኛለች። «በፊት ስመጣ ድመት አስራችሁ የምትቀጡ ነበር የሚመስለኝ።»

መምህሩ የወንድሙ ልጅ ናት። እሁድ እሁድ የአባቷን ጊታር አንግታ ትመጣለች፤ ሳሎን ሁለት ወንበር ጉልበት ለጉልበት ያጋጥማሉ። እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ። መጀመሪያ ቀን እንደተቀመጡ ልብ አልኩ፤ የሷ ጊታር አንገት የሚያመለክትበት አቅጣጫ የሱም ያመለክታል። እሷ ጣቷን ስታነሳ እሱ ትይዩዋን ያነሳል፤ ማሰብ እንኳ አያስፈልገውም፣ መስተዋት ፊት እንደተቀመጠ ሰው የሚያየውን ማድረግ ብቻ ነው። እሷ አፍንጫዋን ስታክ ሳያውቀው አከከ፤ እናቴ በሳቅ ፈነዳች። ለግራኝ አስተማሪ ቀኝ ተማሪ፣ ፊት ለፊት ከተቀመጡ፣ ከዚያ የቀለለ የለም። ዋርሳዬ ይሄን ያውቅ ነበር ማለት ነው። ፊት ለፊቴ ቁጭ በል ያለው ለዚህ ነው።

ባለፈው እሁድ ካውያ ይዤ የእናቴን መጋረጃ እየተኮስኩ ነበር። እነሱ ያቺን ዜማ ይዘዋል። እሷ ትመራለች፣ እሱ ይከተላል፤ ዱም፣ ዱም፣ በሁለት አውራ ጣት። ጉልበቷን ታንቀጠቅጣለች፤ የሱም ጉልበት አብሯት ይንቀጠቀጣል። ዓይኑ ከእጇ አይነቀልም፣ ሌላ ነገር አያይም። መሃል ላይ፣ አባቷ ካቆመበት አለፍ እንዳሉ፣ ልጅቷ ሳታውቀው ፈጠነች።

«ቀስ በል ጋሼ» አላት።

እኔ ካውያውን አነሳሁ፣ መጋረጃው እንዳይቃጠል። እሱ ምን እንዳለ አልሰማም፤ ቀና አላለም፣ ጣቱን እየጠበቀ ነው። ልጅቷ ግን ሰምታለች። አየችኝ፣ ዓይኗ ሞላ፣ ጊታሯን ጠበቅ አድርጋ ያዘች።

«እሺ» አለችውና ቀስ አለች።